ከቤቱ በር እስከ አጥሩ ያለው ፀሐይ

ሰኞ፣ መጋቢት 8

...ከጎሬ በኋላ መንገዱ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሹራቡን እያወለቀ ጭኑ ላይ አደረገ፤ እኔም አወለቅሁ፤ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ግራ ክንዴን ይዞ አልለቅ አለ፤ ከጎኔ የተቀመጠው ረጅም ሰው እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር፤ ዞር ብሎ ክንዴን አየና

ደረቀ። ክሬሙ።

ከክርኔ በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ የጣት ጫፍ የምታህል ቀብቼ እስክትደርቅ እየጠበቅሁ ነበር። ስጠብቅ ነው ያ አውቶቡስ የመጣብኝ። ዐሥር ዓመት አልፎታል። ለምን ዛሬ እንደመጣ አላውቅም።

ነጭ ነው። ዶክተሯ ነጭ ይሆናል ብላኛለች፤ ይህን ያህል ግን አላለችም። የግድግዳ ኖራ ይመስላል። ሽታ የለውም። አያቃጥልም። እስካሁን አያቃጥልም።

ለራሴ ግልጽ እንዲሆንልኝ ልጻፈው። ፀሐይ ሲያገኘኝ ፊቴ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሽፍ ይላል፣ ከዚያ ይላጣል። ከጀመረኝ ሁለት ዓመት ሆነ። ከፋርማሲ የገዛሁት የመጀመሪያው ክሬም ዓይኔን አቃጥሎ አልጋ ላይ አዋለኝ። ሁለተኛው ደግሞ ፀሐዩ ከሚያደርገኝ የባሰ አደረገኝ። ጅማ ሄጄ የቆዳ ሐኪም አየችኝ። ወጣት ናት፤ ስታወራ እጄን ይዛ ነው። እነዚያ ቆዳ ውስጥ ሰርገው የሚሠሩ ናቸው፣ ያንቺ ቆዳ ስስ ነው፣ አይችላቸውም አለችኝ። ይኼኛው ማዕድን ነው፤ ዚንክ፤ አይሰርግም፤ ላዩ ላይ ተኝቶ ብርሃኑን ይመልሳል። መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ሞክሪው። ሰላም ካደርሽ ወደ ፊትሽ።

ይህም ካልተስማማሽ ደጋ ግቢ አለች። የደጋ ፀሐይ ቢብስ እንጂ አይቀልም፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ግን እዚያ ነጠላ ተከናንቦ፣ እጅጌ አርዝሞ መዋል ይቻላል። ጋምቤላ ላይ እንደዚያ ተሸፍነሽ ከዋልሽ ላቡ ራሱ ይጨርስሻል።

ደብረ ማርቆስ ያለው ወንድሜ ጋሼ አስናቀ አንድ ትምህርት ቤት ቦታ አግኝቶልኛል። ርዕሰ መምህራችን እስከ ዓርብ አሳውቂኝ ብለዋል። ከዓርብ በኋላ ቦታው የሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ሳምንቱ ይኸው ነው። ክሬሙ ከሠራ እቀራለሁ። ካልሠራ እሄዳለሁ። ኦሞድ አይሄድም። ባሌ ነው፤ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነው፤ ባሮና አልዌሮን ትቶ ደብረ ማርቆስ ላይ ምን ዓሣ ሊጠብቅ? «ና» ብዬው አላውቅም። «ቅሪ» ብሎኝም አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ስለ ዓርብ ነገርኩት። ጫማውን እያሰረ ሰማኝ።

«ቆዳው ያንቺ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ» አለ።

ከዚያ ወጥቶ በራችን አጠገብ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ምንድን ነው ስለው፣ ዳስ ነው አለ፤ ለእማ። እናቱ ነገ ከአቦቦ ይመጣሉ። ለአረጋዊት ሰው ጥላ ያስፈልጋል። ልክ ነው። ግቢያችን ዛፍ የለውም። መንገዱ ላይ ማንጎው አለ፤ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ኒሙ አለ፤ ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ በር ግን ባዶ ነው። ጃንጥላውን አጥር ላይ ሳጥፍ፣ ቁልፍ ስፈልግ፣ እቃ ሳወርድ፣ በየቀኑ ፀሐዩ የሚያገኘኝ እዚያች ላይ ነው።

ቆዳው ያንቺ ነው። ቀኑን ሙሉ ይዤው ዋልኩ። ደግ ቃል ነው ብዬ አየሁት። ከዚያ ገልብጬ አየሁት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ክንዴ ንጹሕ ነው። ገና ከአልጋ ሳልወርድ መስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት። አልቀላም፤ ሽፍ አላለም። ትንሽ ደስታ። ደስታ ልበለው።

ፊቴን ቀባሁ። ዶክተሯ አትቆጥቢ ብላለች፤ ካላበሽ ድገሚ። በዚህ ከተማ «ካላበሽ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ማሸት አይወድም፤ ባሸሁት ቁጥር እንደ ሊጥ ይንከባለላል። መታ መታ ማድረግ ነው የሚሻለው። አንገቴን፣ ጆሮዬን፣ የእጄን ጀርባ። መስታወቱ ውስጥ የማላውቃት ሴት ነበረች። የእኔን ዓይን ይዛለች፤ የተቀረው የሌላ ሰው ነው።

ኦሞድ ቀርከሃ እያቆመ ቀና ብሎ አየኝ። ምን የሚባል ነገር ነው አለ። ዚንክ አልኩት። የቤቱን ጣሪያ አየ፣ እኔን አየ።

«ዚንጎ ለበስሽ በይኛ» አለ። «ዝናብ ሲመጣ እንዳትጮሂ።»

ሳቅኩ። ስስቅ ጉንጬ ላይ ተሰነጠቀ።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ዘነበች ብድግ አለች። የታሪክ መምህርት ናት፤ የጎጃም ልጅ ናት እንደ እኔ፤ በሰው ፊት ላይ መርዶ ታነባለች።

«ሰናይት፣ ምን ሰማሽ? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

መድኃኒት ነው አልኳት። እስኪ ማርያምን በይ አለች። አልኩላት። ከዚያም አላመነችም፤ እስከ እረፍት ድረስ ከጎኔ አልጠፋችም፤ አንዴ ሻይ፣ አንዴ ውኃ፤ መርዶው ሲመጣ ብቻዬን እንዳልሆን።

አሥረኛ ክፍል ደግሞ ሌላ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፌ ስዞር ክፍሉ ዝም ብሏል። ዝምታው የሚሰበርበትን ቦታ ፈለግሁ። ከኋላ ነበር። ቾል።

«ቲቸር፣ ከብቶቹን የት አሰርሻቸው?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የኑዌር ልጆች ከሁሉም በላይ ሳቁ። ቾል ራሱ ተነሥቶ አስረዳኝ። በጋ ላይ አጎቶቹ ከብት ይዘው ወንዝ ዳር ሲያድሩ የኩበት አመድ ከእግር እስከ ራስ ይቀባሉ። ለወባ ትንኝ ነው፤ ለፀሐይም ነው። ልክ እንደዚህ ነው የሚሆኑት ቲቸር፤ አንቺ ግን አጭር ነሽ። ለፀሐዩ ይሠራል ወይ አልኩት። ቆዳቸው ጥሩ ነው አለ። እንግዲህ ብርሃንን መመለስ ስለሚችሉ ነገሮች አስተማርኩ። በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም። ጥሩ ክፍለ ጊዜ ነበር። አንድም ልጅ አልተኛም።

ቢሮውም ትምህርት ቤቱም ለቀትር ሲዘጋ በእግሬ ወደ ቤት። ማንጎው ሥር፣ ማንጎው ሥር፣ ከዚያ ባዶው። የጃንጥላዬ አንድ ዘንግ ተሰብሯል። ቤት ገብቼ ታጥቤ ጠበቅሁ። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጆሮዬ ሥር ነው፤ ጉንዳን የሚሄድ ይመስላል። ጉንዳን የለም። አመሻሽ ላይም የለም።

የኦሞድ እናት እማማ አጁሉ ከመሸ ገቡ። የደረቀ ዓሣ ለኦሞድ፤ ጾም ላይ መሆኔን ስለሚያውቁ ለእኔ ኦቾሎኒ። እና አንድ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ክዳኑ በጨርቅ የታሠረ። ውስጡ ቢጫ ቅባት ነው። በአቦቦ በኩል ካለ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ። እሳቸው ራሳቸው ለቅመው፣ ወቅጠው፣ አፍልተው ያወጡት። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መብራቱ አዞሩኝ። የቀረ ነጭ ነገር ጆሮዬ ላይ አገኙ። በጣታቸው ጠረጉት፤ አሸተቱት፤ ምንም አልሸተታቸውም።

«የማይሸት መድኃኒት» አሉ፤ አዘኑልኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

የምጽፈው ተኝቼ ነው። አንድ ዓይኔ በደንብ አይከፈትም።

በቅደም ተከተል። ጠዋት ፊቴን ልቀባ ስቀመጥ እማማ አጁሉ ቅባታቸውን ይዘው መጡ። አልጠየቁኝም። እንደ ሕፃን አገጬን ይዘው ግንባሬን፣ ጉንጮቼን፣ አፍንጫዬን አሹት። እጃቸው ሻካራ ነው፤ ቅባቱ ለስላሳ ነው። ልጃቸውን ያገባሁ ዕለት በዚህ ቅባት ነው የተቀበሉኝ። ያን ቀን አንድ ቃል አማርኛ አልተናገሩኝም፤ ፊቴን ብቻ ቀቡ፤ ገባኝ። ታዲያ ዛሬ እንዴት ብዬ እጃቸውን ልመልስ። ዓይኔን ጨፍኜ ተቀባሁ። ሲወጡ በላዩ ላይ ነጩን ደረብኩበት። ከላይ ከሆነ ይሠራል አልኩ። ላዩ ላይ ነው የሚተኛው ብላለች አይደል?

ሰልፍ ላይ እንግዳ ነበር። ንግግሩ ረዘመ። ባንዲራው ተሰቅሎ፣ መዝሙሩ አልቆ፣ እኛ ፀሐዩ ላይ። ከግንባሬ የሆነ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። በመሐረብ ነካሁት፤ ነጩ ሁሉ መሐረቡ ላይ ነው፤ ከቅባቱ ጋር ተንሸራቶ። ዘነበች አየችኝ። ከሰልፍ ልውጣ ብል እወጣ ነበር፤ ማንም አይከለክለኝም። አልወጣሁም። ለምን እንዳልወጣሁ ገና እያሰብኩ ነው።

ከዚያ ጉንዳኑ። ከዚያ እሳቱ። ባጃጅ ይዛ ቤት ያደረሰችኝ ዘነበች ናት፤ መንገዱን ሁሉ ማርያምን እየጠራች።

ክፍሉ እንዲጨልምልኝ በሩን ዘጋሁት። እማማ አጁሉ ወዲያው ከፈቱት። እንደገና ዘጋሁ። እንደገና ከፈቱ። ቆይተው ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«በር ቀን አይዘጋም» አሉ። «ሰው ይሰማል፣ ይመጣል። ‹ማን ሞተ› ይላል።»

እውነት ነው። በዚህ ሙቀት ቀን በር የሚዘጋ የለም። በዚህ ቤት ተዘግቶ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ የኦሞድ ታናሽ ወንድም የሞተ ቀን። ኦሞድ ብቻውን ገብቶ ዘጋው። ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ ነበር። ስለዚያ ነገር እስከ ዛሬ ተነጋግረን አናውቅም። በሩን ትቼ ሻርፕ ዓይኔ ላይ ጣል አድርጌ ተኛሁ።

ጋሼ አስናቀ ደወለ። ድምፄ አሳበቀብኝ። እዚያ በረሃ ምን ያደርግሻል፣ ኑሮሽን አስተካክዪ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው አለ። እሺ ልል ነበር። እሺ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። ዓርብ እደውልልሃለሁ አልኩት።

አንድ ነገር ልጻፍ፤ እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልለውም። መስታወቱን አንሥቼ ያበጠውን ፊቴን ሳየው የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። እፎይታ የሚመስል ነገር ነበር። በቃ። አልሠራም። እኔ አይደለሁም የምሄደው፤ ቆዳዬ ነው።

ማታ።

አንገቴን አየሁ። የእጄን ጀርባ አየሁ። ጆሮዬን። እነዚያንም ጠዋት ነጩን ቀብቻቸዋለሁ፤ ፀሐዩ ላይ አብረውኝ ቆመዋል፤ አብረውኝ አልቧቸዋል። ምንም አልሆኑም። የእማማ እጅ ያልደረሰበት ሁሉ ደህና ነው። ድንበሩ አገጬ ሥር በጣት ይዳሰሳል።

ተማሪ ቢያቀርብልኝ ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ሙከራ ነው። አንዱ በቅባት፣ ሌላው ያለ ቅባት፣ ፀሐዩ አንድ። ውጤቱን የሚያነብ ከእኔ በቀር የለም። ካላነበብኩትም አልተነበበም ማለት ነው።

ከውጭ ኦሞድና እናቱ በአኙዋክኛ ሲነጋገሩ ይሰማኛል። ዝቅ ባለ ድምፅ። ፀሐይ የሚለውን ለየሁ። ቅባት የሚለውን ለየሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

አልሄድኩም ትምህርት ቤት። እብጠቱ ቀንሷል፤ ዓይኔ ተከፍቷል። ዶክተሯ ስልክ አነሣች። ከሥሩ ምን ተቀባሽ አለች፤ ገና ሳልጨርስላት። ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ይቅርታ አለች። ፊትሽን እስኪረጋ ተይው፤ ደረቅ ቆዳ ላይ እንጂ ቅባት ላይ አይያዝም፤ አንገትሽና እጅሽ ላይ ቀጥዪ፤ ከዚያ እንደገና በትንሹ ጀምሪ። ፊቴ መቼ ይረጋል አልኳት። አትቸኩዪ አለች። ነገ ዓርብ መሆኑን አታውቅም።

እማማ አጁሉ ጠዋቱን ሙሉ አልቀረቡኝም። የቅባቱ ዕቃ ክዳኑ በጨርቁ ታስሮ ከሻንጣቸው አጠገብ ተቀምጧል። የምሄደው ዛሬ ነው አሉ፤ ነገ እንደነበር አውቃለሁ። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው። ያኔ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምን እንደምል አላዘጋጀሁም ነበር። እግሬን ዘረጋሁ።

«እማማ፣ ፊቴን ይተዉልኝ፤ እግሬን ይቀቡኝ» አልኩ።

«የኔ ቅባት መጥፎ ነው?»

«አይደለም። ከነጩ ጋር አብረው መኖር አልቻሉም።»

ኦሞድ ውጭ ሣር እየደረደረ ይሰማን ነበር። «እንደ ምራትና አማት ናቸዋ» አለ። እማማ አልገባቸውም። በአኙዋክኛ ደገመላቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ጀርባቸውን መታ መታ አደረግሁላቸው። ከዚያ ጨርቁን ፈቱት።

ተረከዜን፣ ቁርጭምጭሚቴን፣ በጣቶቼ መካከል። ጊዜ ወስደው። በሩ ክፍት ነው፤ ከደጅ የኦሞድ እግር መሰላሉ ላይ ይታያል፤ እግሩ ብቻ። እማማ እሱን እያዩ ነበር የሚያወሩት፤ ድምፃቸውን ቀንሰው።

«ኦሞድ አይለምንም። ትንሽ ልጅ ሆኖ፣ ሲርበው አይልም ‹ራበኝ›። ሳህን አጠገብ ይቀመጣል። ዝም።»

ሌላውን እግሬን አነሡ።

ቀትር ካለፈ በኋላ በአቦቦ መኪና ሄዱ። የቅባቱን ዕቃ ትተውልኝ። ለእግር አሉ፤ በጣታቸው ወደ መሬት እያሳዩ፤ እንዳልሳሳት።

ማታ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዳሱ ለእማ ነበር። እማ ሄደዋል። ኦሞድ ግን ከቢሮ ሲመለስ ሸሚዙን አውልቆ እንደገና መሰላሉ ላይ ወጣ። በሩ አጠገብ ያለው የዳሱ ክፍል ለአንድ ሰው መቀመጫ ይበቃል፤ ትናንት አልቋል። አሁን የሚያቆመው ቀርከሃ ከበሩ ይርቃል። ወደ አጥሩ ይሄዳል።

ይህ እስከ የት ይዘልቃል አልኩት። ሣር ስላለኝ ነው አለ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ፊቴ መላጥ ጀምሯል። ሻርፕ። ጃንጥላ። አንገትና እጅ፣ ነጭ። ቾል ሲያየኝ ደብተሬን ተቀብሎ ክፍል ድረስ ወሰደልኝ። ልጆቹ ዛሬ ዝም ያሉት ሌላ ዓይነት ዝምታ ነው። ማክሰኞ ይሻለኝ ነበር።

ለርዕሰ መምህሩ መልስ የምሰጠው ከቀትር በፊት ነው። ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ ለራሴ ዘረዘርኩ።

ለመሄድ፤ ፊቴ። ጋሼ አስናቀ። ከዚያ በኋላ ብርዱ፣ ጠዋት ጠዋት የሚሸተው የባሕር ዛፍ ጭስ፣ ደወሉ። ማንም «ከየት ነሽ» የማይለኝ ቦታ።

ለመቅረት፤ አንገቴና ሁለት እጆቼ። አሥረኛ ክፍል። ሌላውን መጻፍ አቃተኝ፤ ምክንያት የሚባል መልክ አልነበረውም።

ክሬሙ ይሠራል ማለት እችላለሁ? እርግጠኛ አይደለሁም። በአንገትና በእጅ ሰው አይኖርም። ፊቴን መልሼ እስክሞክር ሳምንት፣ ምናልባት ሁለት። ዓርብ ግን ዛሬ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቆዳዬ እንዲወስንልኝ ስጠብቅ ነበር፤ ቆዳዬ ደግሞ ግማሹን በዚያ፣ ግማሹን በዚህ ወሰነ፤ አገጬ ሥር ድንበር አበጀ።

ያን ጊዜ ነው አውቶቡሱ የቀረው ተሟልቶ የመጣልኝ። ሰኞ የተቋረጠው። ረጅሙ ሰው ክንዴን አየና ተነሣ። መተላለፊያው ላይ ቆሞ ጭንቅላቱ ጣሪያውን እየነካ ጠበቀኝ፤ ምን እንደሚጠብቅ አልገባኝም።

«ፀሐዩን ለእኔ ተይውና ወዲህ ነይ» አለ።

ቦታ ተለዋወጥን። ጋምቤላ እስክንገባ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ሌላ ምንም አልተናገረም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ «ባሮ» አለኝ፤ በአገጩ ወደ ታች እያሳየ። ስሙን የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። ኦሞድ።

ሰው ሳያወራ የሚለው ነገር ካለ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብሎኛል። እኔ ነኝ በቃል ካልሆነ ያልሰማሁ።

ገባሁ። ርዕሰ መምህሩ ፋን ሥር ተቀምጠው ወረቀታቸውን በእጃቸው ይዘዋል እንዳይበር። ፊቴን አዩና አዘኑ፤ ስሜን ለመጻፍ እስክሪብቶ አነሡ። ማንም ቢሆን ያነሣ ነበር።

«አልሄድም» አልኳቸው።

እስክሪብቶው ቆመ። ይህን ፊት ይዘሽ? አሉ። አዎ አልኩ። ሌላ ማብራሪያ ፈልገው ጠበቁ፤ እኔም ጠበቅሁ፤ ከአንደበቴ ምን እንደሚወጣ ለመስማት። እሺ፣ እንግዲህ ያንቺ ጉዳይ ነው አሉ።

ለጋሼ አስናቀ ደወልኩለት። ተቆጣ፤ ከዚያ ለፋሲካ ትመጫለሽ አይደል አለ። እመጣለሁ።

ለኦሞድ አልነገርኩትም። ማታ እራት ላይ ዓርብ መሆኑን እያወቀ አልጠየቀኝም። ጨው አቀብዪኝ አለ። አቀበልኩት። ሳህኑ አጠገብ ተቀምጦ አየሁት፤ ዝም። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። መብራት ጠፋ። ሻማ ፍለጋ ተነሣን፤ አለፈ።

ፈራሁ ማለት ነው? ምንን? ብነግረው «ቆዳው ያንቺ ነው» ቢለኝስ። ይህን ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ይህን የምጽፈው ውጭ ነው፤ ዳሱ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጬ። ፀሐዩ በሣሩ መካከል ነጥብ ነጥብ ሆኖ ገጹ ላይ ይወርዳል። ፊቴ ላይ ከግንባሬ ጥግ ትንሽ ነጭ ሞክሬያለሁ፤ በደረቁ፤ የጣት ጫፍ የምታህል። አያቃጥልም። እስካሁን አያቃጥልም።

ከገበያ ስመለስ አጥሩን ከፍቼ እንደ ልማዴ ለሩጫ ተዘጋጀሁ። የሚሮጥበት አልነበረም። ዳሱ እኔ ጋ ደርሶ ነበር። ከቤቱ በር ጀምሮ፣ ቀርከሃ ቀርከሃውን ይዞ፣ ሣሩ ተደርድሮ፣ እስከ አጥሩ በር። አንዳንዱ ምሰሶ ጠማማ ነው። ዝናቡ ሲገባ ግማሹ ይወድቃል። አንድ ክንድ የምትሆን ክፍተት ብቻ ቀርታለች፤ ከአጥሩ ጋር የምትገናኝበት። ኦሞድ እዚያ ላይ ነበር፤ መሰላሉ ላይ፣ ሸሚዙን ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ፤ ጀርባው ላቡን እያንጸባረቀ። ቀትር ላይ። የሰው ልጅ የማይሠራበት ሰዓት።

ጃንጥላውን አጠፍኩ። ልትታጠፍ አልፈለገችም፤ የተሰበረው ዘንግ።

«ለእማ ነው?» አልኩት።

ጥርሱ መካከል ገመድ ነበረ።

«ኦሞድ፣ ትናንት ነግሬያቸዋለሁ። አልሄድም። እዚሁ ነኝ።»

ገመዱን ከአፉ አወጣ። እጁ ቋጠሮው ላይ እንዳለ ቆየ። አልዞረም። ከዚያ ቋጠሮውን ጨረሰ፤ ጎትቶ አጠበቀው፤ እንደገና ጎተተው፣ የጠበቀውን። ሌላ ሊጀምር ቀርከሃውን ያዘ፤ ተወው። ከመሰላሉ ወረደ። እኔን ሲያልፍ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ነበር።

«ገመድ አለቀ» አለ።

ገመዱ እግሬ ሥር ነው። ጥቅሉ ገና አልተፈታም። አሁንም እዚሁ ነው፤ ከደብተሬ አጠገብ።

በሠራው ጥላ ሥር፣ ከአጥሩ እስከ ቤቱ ድረስ፣ ሳይቸኩል ሄደ። ደፉን ተሻገረ። ሸሚዙን ከራሱ ላይ ሲያወርድ ከጀርባው አየሁት።

በሩን ዘጋው።